ከአቃቂ እስከ ገደብ፦ ከሰማይ የወረደ ሞት ቅኝት

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ባለው ቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑ የሚተከለው በብሎኮቹ መሀል ነው። ዕድሩ ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ትልልቁን ድስት ያመጣል፤ ጎረቤት በየተራው ንፍሮ ይቀቅላል፤ ወንዶቹ እያወጉ ያመሻሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ከእኛ ብሎክ ፊት ለፊት እንዲህ ያለ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ሟቹን ከመካከላችን የሚያውቀው አልነበረም። የአንዲት ጎረቤታችን ታናሽ ወንድም ነው። የሞተው ጎጃም ነው፤ ከተቀበረም ሁለት ሳምንት አልፎታል። ስልክ ስለማይሠራ ወሬው የደረሰው በአውቶቡስ በመጣ ሰው ነው። ሽማግሌዎች በማለዳ በሯን አንኳኩተው አረዷት።

ከለቀስተኞቹ አንዱ እንደ ወጉ "ምን አግኝቶት ነው?" ብሎ ጠየቀ። "ድሮን" አለው አጠገቡ የተቀመጠው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ጥቂት ዝም ተባለ። ከዚያ አንድ አዛውንት "ስንት ሰው ሞተ?" አሉ። አንዱ ዘጠኝ ነው ሲል ሌላው ከሃያ ይበልጣል አለ። መርዶውን ያመጣው ሰው ራሱ የሚያውቀው ከእሱ ቤተ ክርስቲያን የተቀበሩትን ብቻ ነበር። የአዛውንቱ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ወሬው ወደ ሌላ ዞረ።

እኔን ግን ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። በዚህች አገር ከሰማይ በወረደ እሳት ሰው መሞት ከጀመረ ዘጠና ዓመት ሆኖታል። ስንት ሞተ? ማን ቆጠረው? የዘጠና ዓመቱን ታሪክ በዚህ ጥያቄ ስከተለው አንድ ነገር እየደጋገመ ይመጣል፦ ቦምቡን የጣለው ባዕድ ሲሆን ሙታን ይቆጠራሉ፤ የጣለው የራስ መንግሥት ሲሆን ቁጥሩ የድንኳን ውስጥ ሹክሹክታ ሆኖ ይቀራል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከሰፈራችን ብዙም ሳይርቅ ነው። በኢጣሊያ ወረራ ዋዜማ የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ አቃቂ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የተመረቀው የሬዲዮ ጣቢያም አቃቂ ነበር፤ የሠራው ደግሞ አንሳልዶ የሚባል የኢጣሊያ ኩባንያ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጦርነቱ ሊጀመር ሲል ለዓለም የተናገሩት ከዚህ ጣቢያ ነው፤ የውጭ ጋዜጠኞች ቴሌግራምም የሚወጣው በዚሁ ነበር። የኢትዮጵያ ከተሞች በቦምብ እየነደዱ መሆኑን ዓለም የሰማው በአቃቂ በኩል ነው ማለት ነው።

ከአውሮፕላን ቦምብ የመጣል ሥራ ራሱ አፍሪካ ውስጥ ተወለደ። በ1904 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጁሊዮ ጋቮቲ የተባለ የኢጣሊያ መኮንን ሊቢያ ላይ እየበረረ አራት ትንንሽ ቦምቦችን በእጁ ወረወረ። ሃያ አራት ዓመት ሳይሞላ የእሱ አገር አየር ኃይል በእኛ ላይ መጣ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ዓድዋና አዲግራት ተደበደቡ። ኅዳር 26 ቀን ተራው የደሴ ሆነ፤ ከተማው ተቃጠለ፣ የአሜሪካኖቹ ሆስፒታል ተመታ፣ ንጉሠ ነገሥቱም በፀረ አውሮፕላን መድፍ ሲተኩሱ ታዩ። ታኅሣሥ 20 ቀን መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ድንኳኖች ተደበደቡ። በዚያው ወር ተከዜ ላይ የራስ እምሩ ሠራዊት የመርዝ ጋዝ ወረደበት። መጋቢት መጨረሻ ላይ አውሮፕላኖቹ አቃቂ ድረስ መጥተው ሜዳው ላይ የነበሩትን ጥቂት አውሮፕላኖቻችንን አቃጠሉ።

እነዚህ ሙታን ተቆጥረዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ላይ ቆመው ስለ መርዝ ጋዙ መሰከሩላቸው። ከድል በኋላም የኢትዮጵያ መንግሥት ለፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ባቀረበው ሰነድ ጠቅላላውን ሙት 760,300 አድርጎ በየዘርፉ ሲያስቀምጥ፣ በአውሮፕላን ድብደባ ለሞቱ ሴቶች፣ ሕፃናትና አቅመ ደካሞች የተለየ መስመር ሰጥቶ 17,800 ብሎ ጻፈ። ቁጥሩ ምን ያህል ትክክል ነው የሚለው ክርክር የታሪክ ባለሙያዎች ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር መስመሩ መኖሩ ነው። አንድ መንግሥት "በቦምብ የሞቱብኝ ሲቪሎች እነዚህ ናቸው" ብሎ በዓለም ፊት ወረቀት ዘርግቶ ነበር።

ያ ወረቀት ሲዘጋጅ ግን ሌላ ነገር ተፈጽሞ አልፏል። መስከረም 1936 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች መቀሌን ደበደቡ። ትግራይ ውስጥ በብላታ ኃይለ ማርያም ረዳ የተመራው የቀዳማይ ወያነ አመፅ ከተማዋን ይዞ ነበር፤ በራስ አበበ አረጋይ የሚመራው ጦር ብቻውን ስላልቻለ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የእንግሊዝን አየር ኃይል ጠራ። ልብ በሉ፤ ጄኔቭ ላይ ስለ ቦምብ ከተለቀሰ ገና ሰባት ዓመቱ ነው። አብራሪዎቹ ባዕድ፣ ጥሪው ግን የአገር ቤት ነበር። ፓሪስ በሄደው ሰነድ ውስጥ ለመቀሌ ሙታን መስመር አልተሰጠም፤ ሊሰጥም አይችልም ነበር።

ሃያ አምስት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ጎጃም መጣ። መንግሥት በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር ሊያስከፍል ሲነሣ ገበሬው "ርስታችን ሊለካ ነው" ብሎ አመፀ። ቢቸና፣ ሞጣ፣ ዳሞት ተነሡ። በዚያ ክረምት የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል መንደሮችን ደበደበ፤ በኋላ ነገሩን ያጠኑ ሰዎች የሞተው በመቶዎች ሳይቆጠር እንደማይቀር ጽፈዋል። መጨረሻው ለገበሬው ድል የሚመስል ነበር። አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብር ተማረ። ግብሩ ተማረ እንጂ ሙታን አልተጠየቀላቸውም። የዚያ አመፅ አገር ዛሬ ምሥራቅ ጎጃም የምንለው ነው፤ ወደዚያው እመለሳለሁ።

በደርግ ዘመን የአየር ድብደባ የዘወትር ሥራ ሆነ። የኤርትራ ሰው ቀን ዋሻ ውስጥ፣ ሌሊት እርሻ ላይ መኖርን ተማረ። የትግራይ ገበያዎች በሌሊት መቆም ጀመሩ፤ አውሮፕላን ስለሚፈራ ሰው በጨረቃ እህል ይሸጥ ነበር። ይህ ሁሉ ተደምሮ ግን ሐውዜንን አያህልም። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ የሐውዜን የገበያ ቀን ነበር። ከተማዋ በተራራ መሀል ያለች ሜዳ ላይ ነች፤ ገበያዋ ከሩቅ አገር ነጋዴ ይጠራል። ሄሊኮፕተሮችና ሚግ ጀቶች እየተፈራረቁ ለሰዓታት ደበደቧት። አንድ ዙር ጥለው ይሄዳሉ፤ ሰው የቆሰለ ሊያነሣ ሲወጣ ሌላው ዙር ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሙታን ቁጥር 2,500 ነው፤ 1,800 የሚሉ ጥናቶችም አሉ። በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት 700 ሰው ነው። ሰባት መቶ ሰው ኖሮ እንደሆነ ወይም ሞቶ እንደሆነ አንድ ትውልድ ሙሉ ሳይለይ ቀረ ማለት ነው። የገበያ ሰው መዝገብ የለውም፤ ጨው ይዞ ከሩቅ የመጣውን ማን በስሙ ይፈልገዋል?

ከዚህ በኋላ የመጣውን የዓይደርን ነገር ከሐውዜን ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ አውሮፕላኖች መቀሌ ውስጥ በዓይደር ትምህርት ቤትና በአካባቢው ክላስተር ቦምብ ጣሉ። ሁለቱ አገሮች ሰላም ከፈረሙ በኋላ ሄግ የተቀመጠው የካሳ ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ፣ 53 ሰው መሞቱንና 185 መቁሰሉን በውሳኔው ላይ አስፍሮ፣ ኤርትራን ጥፋተኛ አለ። 53። ሃምሳ የሚያህሉ አላለም። ካሳው እስከ ዛሬ ባይከፈልም ቁጥሩ በዳኛ ፊት ጸንቷል። ይህ ሁሉ የሆነው ከሳሽ ስለነበረ ነው፤ ከሳሹም የኢትዮጵያ መንግሥት ነበር። ሐውዜንንና ዓይደርን የሚለየው የእናቶች እንባ አይደለም። የሚለየው ቦምቡ ከየት እንደተነሣ ነው።

ድሮን ወደ እኛ ሰማይ የገባው በትግራዩ ጦርነት ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የትግራይ ኃይሎች ወደ ሸዋ ሲገፉ፣ እዚህ ቂሊንጦም ወጣቶች ዱላ ይዘው ሌሊት ሰፈር ይጠብቁ በነበረበት ሰሞን፣ ከቱርክ፣ ከቻይናና ከኢራን የተገዙ ሰው አልባ አውሮፕላኖች የጦርነቱን አቅጣጫ ቀየሩት። ብዙዎቻችን ያን ጊዜ ዜናውን በእፎይታ ሰምተናል። እኔም ከእነዚያ አንዱ ነበርሁ፤ አሁን የምጽፈውን ስጽፍ ይህን መሸሸግ አልፈልግም።

መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለፍርድ ይጠቅማል። ባይራክታር ቲቢ 2 የተባለው የቱርክ ድሮን ከሃያ ሰዓት በላይ አየር ላይ ይቆያል። ከሆዱ ሥር ካሜራ አለው፤ ቀንም ሌሊትም ያያል። የሚያበረው ሰው በመቶ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ስክሪን ፊት ተቀምጧል። ማም ኤል የምትባለው ቦምቡ 22 ኪሎ ገደማ ናት፤ በሌዘር ተመርታ የተጠቆመላትን ቦታ ትመታለች። የሐውዜን አብራሪ በሚግ ፍጥነት አልፎ "ገበያ መሆኑን አላየሁም" ቢል የሚሰማው አይጠፋ ይሆናል። ድሮን የሚያበር ሰው ግን መጀመሪያ ያያል። ከፈለገ ሙሉ ቀን ያያል። ሴት ውሃ ስትቀዳ፣ ልጅ ኳስ ሲያንከባልል ያያል። ስለዚህ መሣሪያው "አይስትም" ተብሎ በተወደሰ ቁጥር ተጠያቂነቱም አብሮ ይጨምራል፤ ውዳሴውን ተቀብሎ ተጠያቂነቱን መተው አይቻልም።

ደደቢት ይህን ያሳየናል። ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የገና ዕለት ሌሊት፣ ከቤታቸው ተፈናቅለው ደደቢት ትምህርት ቤት ግቢ የተጠለሉ ሰዎች ላይ ድሮን ሦስት ቦምብ ጣለ። ሂውማን ራይትስ ዎች ቢያንስ 57 ሲቪሎች መሞታቸውን አረጋግጧል። ከተገኘው ስብርባሪ ውስጥ የማም ኤል ቁራጮች ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ የሰብአዊ መብት ባለሙያዎች ኮሚሽንም ድርጊቱ የጦር ወንጀል ነው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት እንዳለ ጻፈ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ደግሞ ዓዲ ዳዕሮ፣ አሁንም ተፈናቃይ የተጠለለበት ትምህርት ቤት ተመታ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን፣ ፕሪቶሪያ ላይ ሰላም ተፈረመ። በዚያው ዓመት ምዕራብ ሸዋና ወለጋም የድሮን ድምፅ ሰምተዋል፤ የእነዚያ መንደሮች ሙታን ከሁሉም ያነሰ ተነግሮላቸዋል።

ከፕሪቶሪያ ዘጠኝ ወር በኋላ አማራ ክልል ነደደ። የክልሉ ልዩ ኃይል እንዲፈርስ ከተወሰነ ወዲህ የከረረው ግጭት በመንግሥት ጦርና በፋኖ መካከል ጦርነት ሆነ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ዐሥር ቀን አልሞላም፤ ነሐሴ 7፣ እሑድ፣ ፍኖተ ሰላም ከተማ ከአየር ተመታች፤ በትንሹ 26 ሰው ሞተ። ጥቅምት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ዋደራ ላይ ሦስት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራንን ጨምሮ 7 ሰዎች፣ ከሦስት ቀን በኋላ ዋበር ከተማ መናኸሪያ ላይ አውቶቡስ ሲጠብቁ የነበሩ 13 ሰዎች በድሮን መገደላቸውን የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ አስታወቀ። ኅዳር 20 ቀን ወገል ጤና ላይ፣ ሆስፒታሉ አጠገብ፣ መድኃኒት የጫነ አምቡላንስ ተመታ። መልካ ዲዳን ያስታወሰኝ ይህ ነው። የካቲት 11 ቀን ሰሜን ሸዋ ሳሲት ላይ ከክርስትና ድግስ የሚመለሱ ሰዎችን የጫነ መኪና ተቃጠለ።

ከዚያ ገደብ። ገደብ በምሥራቅ ጎጃም እናርጅ እናውጋ ወረዳ ያለች ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። ቀኑ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። ጸሎተ ሐሙስ ነው፤ ጉልባን የሚቀቀልበት፣ ካህናት የምእመናንን እግር የሚያጥቡበት፣ ሰው የዓመት ቂሙን የሚፈታበት ቀን። ነዋሪዎች ለመገናኛ ብዙኃን እንደተናገሩት ሰዎች የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን አጥር ለመሥራት ተሰብስበው ሳለ ድሮን መታቸው፤ የሟቾቹን ቁጥር ከአንድ መቶ በላይ አደረጉት። በሦስተኛው ቀን ፋሲካ ነበር። አንድ ከተማ ለፋሲካ የገዛውን በግ ሳያርድ መቶ መቃብር ሲቆፍር ይታያችሁ። እኛ ቂሊንጦ በፋሲካ ሌሊት ቅዳሴ አድረን ጾማችንን በዶሮ ፈትተናል፤ ስለ ገደብ ያልሰማን ነበርን፤ የሰማን ደግሞ ጮክ ብለን አላወራንም።

መንግሥት በተደጋጋሚ የሚሰጠው መልስ ሰላማዊ ሰው ዒላማ አይደረግም፣ የሚመታው ታጣቂ ነው የሚል ነው። ታጣቂዎች ከተማ ውስጥ እንደሚገቡ፣ ከሕዝብ መሀል እንደሚያድሩም የታወቀ ነው፤ ፋኖም በሲቪል ላይ በፈጸመው ግድያና እገታ ይጠየቃል። ሕጉ ግን ለዚህም መልስ አለው። አንድ ታጣቂ መናኸሪያ ውስጥ ስለቆመ መናኸሪያው ምሽግ አይሆንም። የእኛው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 270 በሲቪል ሕዝብ ላይ የሚፈጸምን የጦር ወንጀል ይቀጣል፤ ኢትዮጵያ የተቀበለችው የጄኔቭ ስምምነት ሁለተኛ ፕሮቶኮልም በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ሲቪል አይነካም ይላል። ሕግ አልጎደለንም። የጎደለው "እኛ ነን የመታነው፤ የሞቱትም እነዚህ ናቸው" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ይህን ዓረፍተ ነገር መናገር የሚቻል መሆኑን ናይጄሪያ አሳይታለች። ኅዳር 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ካዱና ግዛት ቱዱን ቢሪ መንደር መውሊድ እያከበሩ የነበሩ ሰዎች በሠራዊቱ ድሮን ተመቱ፤ ቢያንስ 85 ሞቱ። ሠራዊቱ በማግሥቱ ስሕተቱ የእኔ ነው አለ፣ አለቆቹ መንደሩ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ፣ ከወራት በኋላም መኮንኖች በወታደራዊ ፍርድ ቤት ሊጠየቁ መሆኑ ተነገረ። ይህ ሙት አያስነሣም፤ በቂ ፍትሕም ነው አልልም። ግን የቱዱን ቢሪ ሰው ልጁን ማን እንደገደለበት ለመናገር ድምፁን ዝቅ አያደርግም።

የእኛ መንገድ ሌላ ሆነ። የባለሙያዎቹ ኮሚሽን ዘመኑ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲያልቅ ሳይራዘም ቀረ። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። ከግጭቱ ጋር በተያያዘ ከተያዙት ፖለቲከኞችና ጋዜጠኞች መካከል አንዳንዶቹ እዚሁ ሰፈራችን፣ ቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ከርመዋል። በዚህ በኩል ያለንበት ቦታ ያስጨንቀኛል። በ1928 ዓ.ም. ዓለም የደሴን ቃጠሎ የሰማው ከአቃቂ በሚወጣ ቴሌግራም ነበር፤ ዛሬ የአገሬ ሰው ከአቃቂ ቃሊቲ ሆኖ የገደብን ለመስማት አውቶቡስ ይጠብቃል።

ማረሚያ ቤቱን ካነሣሁ ሌላም ነገር ትዝ ይለኛል። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. ቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ተቃጠለ። ጭሱን ከሩቅ አይተናል፤ የተኩስ ድምፅም ሰምተናል። ቤተሰብ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየዞረ ቀናት ቆየ፤ በኋላ መንግሥት የሞቱት 23 ናቸው አለ። ያኔ አስፋልቱ ዳር የተቀመጡት እናቶች ቁጥር አልነበረም የሚጠይቁት። "ስም አንብቡልን" ነበር የሚሉት። ቁጥር ለመንግሥትና ለጋዜጣ ነው፤ ለእናት የሚበጃት ስም ነው።

ከእኛ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በፍጥነት መንገዱ ትንሽ ነዳት ሲሉ፣ የአየር ኃይሉ ዋና መደብ ቢሾፍቱ አለ። ከእኛው ቀበሌ አጠገብ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ደብተር የያዙ ልጆች ያልፋሉ፣ ከመሀላቸው ነገ ድሮን የሚሠሩና የሚያበሩ ይኖራሉ። አገሪቱ በ2017 ዓ.ም. የራሷን የድሮን ፋብሪካ መርቃለች። መሣሪያው ከእንግዲህ ከእኛ ጋር ነው፤ አይመለስም። ለማዳበሪያ መርጫና ለመድኃኒት ማድረሻም ይሆናል። የሚያበረውን ሰው በሕግ የሚጠይቅና ሙታንን የሚቆጥር ተቋም ግን ፋብሪካ አይሠራውም።

ወደ ድንኳኑ ልመለስ። በሦስተኛው ቀን የዕድሩ ጸሐፊ መጥቶ መዝገቡን ገለጠ። የእኛ ዕድር የሩቅ ቤተሰብ ሲሞት ለአባሉ የሚከፍለው ትንሽ ገንዘብ አለው፤ ለዚያ ደግሞ መጻፍ ግድ ነው። የሟች ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ የሞተበት ቀን፣ የሞተበት ቦታ። "የሞተበት ምክንያት" የሚለው ላይ ሲደርስ ጸሐፊው ቀና ብሎ ጎረቤታችንን አያት። እሷም "በድሮን ብለህ ጻፍ" አለችው። ጻፈው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በትግራይም በአማራም በኦሮሚያም ሰው የሞተባችሁ፣ ጻፉ። ዕድር ያላችሁ በዕድር መዝገብ፣ ካህናት በደብራችሁ መዝገብ፣ ሼኾች በመስጊዳችሁ፣ መምህራን በትምህርት ቤታችሁ የስም ጥሪ ደብተር ላይ። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ዕድሜውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ምን ይሠራ እንደነበር፣ ምን እንደመታው ጻፉ። ስብርባሪ ካለ አትጣሉት። ሁለት ቅጂ አድርጉት፤ አንዱን ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ስጡ። ጠያቂ ዛሬ ባይመጣ ነገ ይመጣል፤ ሲመጣ ስሙን ከእናንተ እጅ ያግኘው።